ዐይንን ጨፍኖ ስፒከር መግዛት

በ1956 አማር ቦዝ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ የዶክትሬት ትምህርቱን ሲያገባድድ ለራሱ ሽልማት የሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዛ ተነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጅ ሳለ ቫዮሊን ተምሯል፤ ሙያው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። ስለዚህ ከሻጭ ወሬ ይልቅ በቴክኒክ መግለጫው ላይ የሰፈረውን ቁጥር ያምን ነበር። ቁጥሮቹን አነጻጸረ፣ ይበልጣል ያለውን መረጠ፣ ከፍሎ ቤቱ ወሰደ። ሙዚቃ ሲከፍትበት ግን የሚሰማው ቫዮሊን እሱ የሚያውቀው ቫዮሊን አልሆነለትም። ወረቀቱ ጥሩ ነው ይላል፤ ጆሮው አይደለም ይላል።

ቦዝ ብስጭቱን ወደ ምርምር ለውጦ በ1964 በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። እዚህ ላይ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ስለ ድምፅ ክፍል ገብቶ ሊያስተምር የሚችል መሐንዲስ ቁጥር አንብቦ ከተሳሳተ፣ መርካቶ ገብቶ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት የሚል አይቶ ቦርሳውን የሚፈታው ሰው ምን ተስፋ አለው? ሰምቶ ይግዛ ቢባል መልሱ ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ መስማት ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነገር መሆኑ ነው። ጆሮ እንዴት እንደሚሸወድ ከገዢዎች ቀድመው የገባቸው ደግሞ ሻጮቹ ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1912 «ዳይመንድ ዲስክ» የተባለውን ሸክላ ማጫወቻ ሲያስተዋውቅ ተፎካካሪው ቪክተር ኩባንያ እንደ ካሩሶ ያሉትን የዘመኑን ስመ ጥር ድምፃውያን ይዞ ነበር። ኤዲሰን በዘፋኝ ስም ሊወዳደር ስላልቻለ በድምፅ ጥራት መጣ፤ ማሽኑ ከሕያው ሰው ድምፅ አይለይም አለ። ይህንንም ለማሳየት ከ1915 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከከተማ ከተማ የዞረ ትርኢት አዘጋጀ። የድምፅ ፈተና ይሉት ነበር። አዳራሹ ይሞላል። ዘፋኟ ከማሽኑ አጠገብ ትቆማለች። ሸክላው መዞር ሲጀምር እሷም አብራ ትዘፍናለች። መሀል ላይ ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ዘፈኑ ይቀጥላል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። ድምፁ በጨለማው ውስጥ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ መብራቱ ሲመለስ ዘፋኟ የለችም፣ ማሽኑ ብቻውን መድረኩ ላይ ቆሟል። ሕዝቡ አፉን ይዞ ይቀራል። በ1916 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በካርኔጊ አዳራሽ፣ ሶፕራኖዋ ማሪ ራፖልድ የተሳተፈችበት ዝግጅት ከሁሉም በላይ የተወራለት ነው።

ያን ማሽን ዛሬ ከፍቶ የሚያደምጥ ሰው ግራ ይጋባል። ቀረጻው የተካሄደው ያለ ማይክሮፎን ነው። ዘፋኙ ቀንድ በመሰለ መቀበያ ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን እያነቃነቀ ሰም ላይ ይጽፋል። ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ባብዛኛው ይቀራል፤ የሚተርፈው መሀሉ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት ተሸወደ? በትርኢቱ ብዙ የዞረችው አና ኬዝ ምስጢሩን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በስተርጅናዋ ተናግራዋለች። ሙሉ ድምፅዋን ብትለቅ ማሽኑን ትውጠው ነበር። ስለዚህ ድምፅዋን ከማሽኑ ጋር እኩል አድርጋ፣ ቃናውንም አስመስላ ነበር የዘፈነችው። ማሽኑ ሰውን አልመሰለም፤ ሰው ነው ማሽኑን የመሰለው።

(የዚህ ሁሉ የመጨረሻ ዳኛ የነበረው ኤዲሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ፒያኖና ሸክላ ማጫወቻ ለመስማት እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በአጥንቱ ይቀበል ነበር። የትኛው ዘፋኝ ይቀረጽ፣ የትኛው ይቅር የሚለውንም ራሱ ይወስን ነበር።)

በ1925 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ዛሬም በአብዛኛው ቤት ያለውን ዓይነት ስፒከር ይፋ አደረጉ። ማግኔት፣ በማግኔቱ መሀል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል፣ ከጥቅሉ ጋር የተያያዘ ሾጣጣ ወረቀት። የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ሲመጣ አብሮት የመጣ አንድ ትንሽ ነገር አለ፦ ድምፅ መጨመሪያው። ሻጩ ከዚያ በኋላ ዘፋኝ መቅጠር አላስፈለገውም። ቁልፏን ማዞር በቂ ነው።

ለምን በቂ እንደሆነ በ1933 በቤል ላብራቶሪ የሚሠሩት ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን አሳዩ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ሁሉንም እኩል አይቀንስም። መጀመሪያ የሚጠፋበት ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ሲጨመር ደግሞ ባሱ ከመሀሉ ድምፅ ፈጥኖ ይመለስለታል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ በትንሹ ከፍ ብሎ ቢከፈት፣ አድማጩ አንዱ ጮኸ አይልም። አንዱ ሞላ ያለ፣ የጠራ፣ ሕይወት ያለው ነው ይላል። ልዩነቱ ጮክ ማለት ሆኖ እንዳይታወቅ ያህል ትንሽ፣ ምርጫን ለማዛባት ግን በቂ ሊሆን ይችላል። ይህን ነገር አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው የስፒከር ሱቅ ውስጥ ሲገባ ከዚያ በፊት በነበረው መንፈስ አይገባም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ የቤት ዕቃ ሲሆን፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ሱቆች ግድግዳ ሙሉ ስፒከር ደርድረው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር ቁልፍ ገጠሙ። ሲያዩት ፍትሐዊ ውድድር ይመስላል። ነገር ግን እኩል የኤሌክትሪክ ኃይል የተሰጣቸው ሁለት ስፒከሮች እኩል አይጮኹም፤ አንዱ በተፈጥሮው ጉልበታም፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ያሸንፍ የነበረው ጯኺው ነው። ሌላም ጣጣ ነበረው። ዝም ብለው የተደረደሩት ሌሎች ስፒከሮች ወረቀታቸው አብሮ እየተንቀጠቀጠ የሚፈተነውን ድምፅ ያበላሹታል። ከዓመታት በኋላ የስኮትላንዱ ሊን ኩባንያ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ጥንድ ስፒከር ብቻ ይቀመጥ ብሎ የተከራከረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ለገዢው የቆሙ የሚመስሉ ሻጮችም ነበሩ። ዮርክሸር ውስጥ ዋርፍዴል የተባለውን ፋብሪካ የመሠረተው ጊልበርት ብሪግስ በ1954 የለንደኑን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ካርኔጊ አዳራሽ ተከራይቶ ሕያው ሙዚቀኞችን ከስፒከሮቹ ጋር በሕዝብ ፊት አፎካከረ። የኤዲሰን ትርኢት ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ ብሪግስ ማሽኑ የት ላይ እንደሚሸነፍ ለመናገር አያፍርም ነበር። ስለ ስፒከር ተራው ሰው የሚገባው መጽሐፍ እየጻፈ ይሸጥ የነበረም ሰው ነው።

ኤድጋር ቪልቸር ግን ከዚያ አለፈ። በ1954 ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከፈተ። ፈጠራው ቀላል ነው፦ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፣ ውስጡ የታመቀው አየር ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን እንዲመልሰው አደረገ። ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ያወጣው የነበረው ባስ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ሳጥን ወጣ። የዚህ ዋጋ ስፒከሩ ለስላሳ መሆኑ ነው፤ በሱቁ ቁልፍ ውድድር የሚሸነፈው ዓይነት። ቪልቸር ምን አደረገ? በመላው አሜሪካ ከፋይን አርትስ ኳርቴት ጋር ኮንሰርት አዘጋጀ። አራቱ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ መሀል ላይ እጃቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ የሚወጣው ከስፒከሩ ነው። ቀረጻው ማስተጋባት በሌለበት ቦታ የተሠራ ስለሆነ የአዳራሹ ማስተጋባት ሁለት ጊዜ አይደመርም። አድማጩ መቼ እንደተቀየረ ለመለየት ይቸገር ነበር፤ እዚህ ላይ ዝቅ ብላ የምትዘፍን አና ኬዝ አልነበረችም።

ከኮንሰርቱ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ኒው ዮርክ በሚገኘው ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ የከፈተው የማዳመጫ ክፍል ነው። ሰው ባቡሩን እየጠበቀ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የፈለገውን ያህል ያዳምጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አይሸጥም ነበር። ልግዛ ያለ ሰው እንኳ ወደ ሌላ ሱቅ ነበር የሚላከው። በስፒከር ንግድ ታሪክ ውስጥ ገዢ ያለ ግፊት የሰማበት ቦታ ይፈለግ ከተባለ ይህ ክፍል ግንባር ቀደሙ ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የሚሸጡት ነገር የሌላቸው ሰዎችም ጥያቄው ላይ ይሠሩ ነበር። የቢቢሲ መሐንዲሶች ስፒከር የሚፈልጉት ለራሳቸው ስቱዲዮ ነው፤ ቢሳሳቱ ስሕተቱ ለሚሊዮኖች ይሰራጫል። ዋና መፈተኛቸው ኦርኬስትራ ሳይሆን የሰው ንግግር ነበር። ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሲሰማው የኖረው ድምፅ የሰው ድምፅ ነው። ቫዮሊን ትንሽ ቢዛባ ብዙው አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰው ድምፅ በአፍንጫው የሚናገር ወይም በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ ግን ሕፃን ልጅም ያውቃል። በ1970ዎቹ ለቀረጻ መኪና የተሠራችው ትንሿ ኤልኤስ ሦስት አምስት ኤ ዛሬም በሰው ድምፅ ላይ ባላት ታማኝነት ትወደሳለች፤ ባስ እንደሌላት ግን ማንም አይክድም። ከእነዚያ መሐንዲሶች ሁለቱ በኋላ የራሳቸውን ኩባንያ ሲከፍቱ ስሙን ከሚስቶቻቸው ስም ጋር አጣመሩት፦ ስፔንሰርና ዶረቲ ስፔንዶር ሆኑ፣ ሃርውድና ኤሊዛቤት ሃርቤት።

ወደ ቦዝ እንመለስ። በ1968 ያወጣው 901 የተባለው ስፒከር ዘጠኝ ድምፅ ማውጫ ነበረው፤ አንዱ ወደ አድማጩ፣ ስምንቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው የዞሩ። ሐሳቡ፣ በኮንሰርት አዳራሽ የምንሰማው ድምፅ አብዛኛው ግድግዳ ነክቶ የሚመጣ ስለሆነ ቤትም እንዲያ ይሁን የሚል ነው። በ1970 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ መጽሔት ስፒከሩን ፈትኖ፣ የየመሣሪያው ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ይንከራተታል የሚል ነገር ጻፈ። ቦዝ ከሰሰ። ክርክሩ የተንጠለጠለባት ነገር ታስቃለች፦ ድምፁ የተንከራተተው በክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል በግድግዳው መስመር ላይ? ለዚያ አረፍተ ነገር መነሻ የሆነው ልዩ ማዳመጥ የተካሄደው በሁለት ሰዎች ጆሮ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አባባሉ ሐሰት ነው ብሎ ከ100,000 ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ፤ ይግባኙ ሻረው። ጉዳዩ አሥራ አራት ዓመት ተጉዞ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ መጽሔቱ አሸነፈ፤ እያወቀ መዋሸቱ አልተረጋገጠም ተብሎ። ዛሬ ጉዳዩ በሕግ ትምህርት ቤት የሚጠናው ለፕሬስ ነፃነት ነው። ለስፒከር ገዢ ግን ሌላ ነገር ይነግረዋል፦ አንድ ሰው የሰማውን በቃል አስፍሮ ለሌላው ማስተላለፍ ዳኞችን እንኳ የሚያከራክር ነገር ነው። የጓደኛ ምስክርነትም ከዚህ አይዘልም።

ቁጥሩስ? በ1974 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አምፕሊፋየር ሻጮች የዋት ቁጥር እንዳሻቸው እንዳይጽፉ፣ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ያልደረሰበት ገበያ ፒኤምፒኦ የሚባለውን ቁጥር ወረሰ፤ ለቅጽበት ይታሰባል ተብሎ የሚገመት፣ ወጥ መለኪያ የሌለው ቁጥር። የእንጀራ ምጣድ የሚወስደው 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ነው፤ ምጣድ ሲጣድ የቤቱ መብራት እንዴት እንደሚደክም የማያውቅ የለም። ጣት በማታህል ገመድ ተሰክቶ 5000 ዋት አለኝ የሚል ሳጥን እንግዲህ ከምጣዱ ጋር ይተያይ።

ለጥያቄው እስካሁን የተሻለውን መልስ ያመጣው በ1965 በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የተቀጠረው ፍሎይድ ቱል ነው። ያደረገው ነገር ሲነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል፦ ስፒከሮቹን ድምፅ በሚያሳልፍ መጋረጃ ጋረዳቸው፣ የሁሉንም ድምፅ በመሣሪያ ለክቶ እኩል አደረገ፣ አድማጮቹ ሳይነጋገሩ ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። በ1985 እና በ1986 ያሳተመው ውጤት ብዙ ሰው እንደ እውነት የያዘውን ነገር አናጋ። ድምፅ እንደ ወጥ ነው፣ ለሁሉም የየራሱ ጣዕም አለው ይባላል። መጋረጃው ሲወርድ ግን አብዛኛው ሰው በጣም ይስማማ ነበር። የሚመርጡት ከወፍራሙም ከቀጭኑም ለአንዱ ሳያዳላ የሚያወጣውን፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ከፊት ለፊቱ ጋር የሚመሳሰለውን ነው። ፍርዳቸው ከቀን ቀን የሚዋዥቀው ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መሀል በከፍተኛ ድምፅ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎችም ነበሩበት።

ቱል በኋላ ሃርማን ወደተባለው ኩባንያ ሄዶ በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ይበልጥ የሚያሳፍር ነገር አሳተመ። አርባ የኩባንያው ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ ተጋርደው፣ አንድ ጊዜ እያዩ መዘኗቸው። ሲያዩ፣ ትልልቁና ውዱ ነጥቡ ከፍ አለ፤ ትንሹና ርካሹ ወረደ። ይባስ ብሎ፣ ተጋርደው ሳሉ የለዩትን ልዩነት፣ ለምሳሌ ስፒከሩ ቦታ ሲቀየር የሚመጣውን ለውጥ፣ እያዩ ሲሆኑ መስማት ተሳናቸው። እነዚህ ሠራተኞች ስፒከር በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ አገር የድግሱን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ እንለዋለን፤ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም የማንኛውም ግዙፍ ሳጥን ስም ሆኖ ቀረ። ዐይን ግዙፉን ሳጥን ሲያይ ጆሮ ገና ሳይሰማ ተደንቋል።

ከዚሁ ሥራ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ አንድ ስፒከር ብቻውን ሲጫወት ጉድለቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ሁለት ሆነው ድምፁ ግራና ቀኝ ሲሰራጭ አድማጩ በስፋቱ ይደሰትና ጉድለቱን ያልፈዋል። ሁለተኛው፣ ኦሊቭ የትኛው ዘፈን ልዩነትን እንደሚያጋልጥ ሲፈትሽ ከፊት ከመጡት አንዱ የትሬሲ ቻፕማን ፋስት ካር ነበር፦ አንድ ሰው፣ ጊታር፣ ከዚያ ከበሮና ባስ። ሱቆች ለማሳያ የሚመርጡት ዓይነት ፍንዳታ የበዛበት ዘፈን አይደለም። በፋስት ካር ፋንታ በክራር የታጀበ የሰው ድምፅ ቢሆን ለእኛ ጆሮ ይበልጥ ይቀርበዋል፤ ክራሩ ሲመታ ጅማቱ ይሰማል ወይስ ጩኸት ብቻ?

መርካቶ ላይ ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ጊዜ ይገናኛል። ሻጩ ፍላሹን ይሰካል፤ ዘፈኑ እሱ የመረጠው ነው፣ ባሱ የበዛ። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ለዚያውም የጎረቤቱን ሱቅ ለማሸነፍ። ሳጥኑ ትልቅ ነው፣ ፊቱ ላይ መብራት ያብለጨልጫል፣ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ አለ። የኤዲሰን መድረክ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ገዢው ግን ስልኩ ላይ ለዓመታት የሚያውቀውን አንድ ዘፈንና የዜና አንባቢ ድምፅ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለት ዕቃ ካነጻጸረ እኩል እስኪጮኹ ድረስ ቮልዩሙን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል። አንዱን ገመድ አስነቅሎ ብቻውን ሊሰማ፣ ድምፁን ቤት ውስጥ ልጅ ተኝቶ የሚከፈተውን ያህል ዝቅ አስደርጎ ባሱ መትረፉን ሊያይ፣ ጀርባውን አዙሮ ጓደኛው እንዲቀያይርለት ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩ ሊስቅበት ይችላል፤ ይሳቅ።

የሚቀረው ክፍሉ ነው። ከ200 እስከ 300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በዋናነት የሚወስነው ስፒከሩ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ክፍል ነው። ካርቶን የተከመረበት ሱቅ ድምፅ ይውጣል፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ጥግ ላይ የተጠጋ ስፒከር ባሱ ያብጣል፤ ክንድ ያህል ወጣ ሲደረግ ይተነፍሳል። ይህን ሱቅ ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ቤት ወስዶ መሞከር ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ብዙ ሻጮች የተወሰነ ሳምንት ሞክሮ መመለስ ይፈቅዳሉ። እዚህ ግን ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ አንዳንዴም ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። ስለዚህ ቤት ቀርቶበት ሱቅ ውስጥ የሚሞክረው ሰው ቢያንስ ስፒከሩን ከካርቶኑ ክምር አስወጥቶ፣ ባዶ ግድግዳ ሥር አስቀምጦ፣ ያችኑ አንድ ዘፈን ደግሞ ያስከፍታል፤ ብሩን ከኪሱ ሳያወጣ።